በሁለት ፉርጎ የተጫነው ብረት

ባለፈው ጥር ሚካኤል ታቦቱ በፍኖተ ሰላም አውራ ጎዳና ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ከመሬት ሲደፋ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ለዚህ ዕድሜ ለደረሰ ሰው፣ ያውም በድቁና ላደገ፣ እንዲህ ያለ ነገር አያምርም። ያቆመኝ ግን ትዕቢት አልነበረም። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ጎማው ተቆጥሮ የማያልቅ አንድ ሎቤድ መኪና ቆሞ ነበር። የጫነው ድብልብል ብረት ከመኪናው ወርድ አልፎ በግራም በቀኝም ተርፏል፤ ሸራ ለብሷል፣ በሰንሰለት ተጠፍሯል። ባጃጁም ጋሪውም ከኋላው ተሰልፎ ቆሟል። ሹፌሩ ታቦቱን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከአስፋልቱ ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ ረዳቱም ተከተለው። ከጎማዎቹ መሐል የጋለ ፍሬንና የግራሶ ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ሲደርሰኝ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ።

«አባባ፣ ታቦት እኮ ነው!» አለችኝ የልጅ ልጄ ሕይወት፣ ተንበርክካ ጋቢዬን እየጎተተች።

«ሽብልቁ የት አለ?» አልኋት።

«የምን ሽብልቅ?»

«ከጎማው ሥር የሚገባው። ማነው የያዘው?»

ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። አእምሮዬን የሳትሁ መስሏት ነበር፤ አልፈርድባትም። ነገሩን ለእርስዋም ለሌላውም በቅደም ተከተል ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ማስረዳት ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ገና አልወጣም፤ አገሩ ወጀት ነበር የሚባለው። ጥልያን ከገባ ስንተኛ ዓመቱ እንደነበር እርግጡን አልናገርም። ሰው ዘመኑን በወንጌላውያን መቁጠር ትቶ በጨው ዋጋ መቁጠር ጀምሮ ነበርና። «አሞሌ በርካሽ ጊዜ» ሲባል ጥልያን ሳይመጣ ማለት ነው፤ «አሞሌ በጠፋ ጊዜ» ሲባል ከመጣ በኋላ ማለት ነው። ሊሬ የሚሉትን ወረቀት አምጥተው በእርሱ ተገበያዩ አሉን። የማንኩሳ ገበያ ቅቤ ሻጮች ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ እያዩ፣ «ይኼ ዝናብ የመታው እንደሆነ ምን ሊሆን ነው?» ይሉ ነበር። ጠገራ ብር ያለው በጓሮው ቀብሮ የሌለ መሰለ። ጎረምሳው ከጥልያኖቹ ሰፈር ከካምቦ በወጣ ካኪ ጨርቅ ቁምጣ ያሰፋል፤ ሽማግሌው ያችኑ ጥቁር ባርኖሱን ደርቦ በካኪ ለባሹ ይስቃል፤ ሲስቅም ግራና ቀኙን አይቶ ነው። ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘርግቶ የሚውልባት የሾላ ጥላ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆናለች፤ ባለፍሁ ቁጥር የመርፌውን ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ከእርስዋ ዝቅ ብሎ ጠጅ ቤት ነበር፤ እዚያ ጥልያኖቹ ያመጡት ሸክላ ያዜማል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ግን ዜማው ደስ ይል ነበር። ደስ ማለቱ ራሱ ያስፈራን ነበር።

ፍርሃቱን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ፍርሃት እንደ ጉም ነበር፤ ጠዋት በሩን ስትከፍተው ደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል። ጎረቤትህ ባንዳ ይሁን የዱር ሰው፣ የአርበኛ ማለቴ ነው፣ ወገን አታውቅም። የካምዮን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወንዱ ወደ ገደሉ ይገባል፤ ሴቱ እሳቱን ይዳፍናል። የሌሊት ወፍ የሚመስለው አውሮፕላን ሲያልፍ የገበያው ሰው ሁሉ በአፉና በአፍንጫው ላይ ነጠላውን ይጭናል፤ በሌላ አገር ከሰማይ የሚረጭ መርዝ ሰውና ከብት ፈጅቷል መባሉን ሰምተናልና።

እኔ ጢሜ ገና ያልጠና የፊደል አስተማሪ ነበርሁ፤ ማንኩሳ አጠገብ ባለችው የሚካኤል ደብር። ሥርዓት እወዳለሁ። ልጆቹን በቁመታቸው ተራ አስቀምጥ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ፊደል አይነካም እል ነበር። የሚጠይቀኝ ባይኖርም አስረዳለሁ፤ በረዶ ለምን እንደሚዘንብ፣ በቅሎ ለምን እንደማትወልድ። ባላገሩ ከጢሜ የቀደመውን አፌን እያየ፣ ግማሹን በአክብሮት ግማሹን በቀልድ «የኔታ» ይለኝ ነበር። ያሳደገኝ ወንድሜ አያ ታከለ ነው። እናት አባታችን በአንድ ክረምት ሲሞቱ እርሱ ሞፈር ይዞ እኔን ቄስ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ያን ዓመት ሚስቱ ውዴ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በዚህ ዓለም ከአያ ታከለ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የብረቱ ወሬ ከብረቱ ቀድሞ ደረሰ። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ አንድ ነጋዴ ቡሬ ገበያ ላይ ሲያወራ ሰማሁት። ዕቃው ከባሕር እስከ አዲስ አበባ የመጣው በምድር ባቡር ነው አለ። ባቡር ሰው የሚጭንበት ቤት የመሰለ ፉርጎ አለው፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ግን ጣራና ግድግዳ የሌለው፣ እንደ አውድማ የተዘረጋ ፉርጎ አለው። ብረቱ በዚያ ላይ ተጋድሞ በሁለት ወገን ተርፎ ሲያልፍ፣ በሀዲዱ ዳር ያሉ ሰዎች አጥራቸውን አፍርሱ ተብለው ነበር፤ አንዳንዱም ቤቱ እንዳይነካ እየጸለየ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር አለን።

«ምንድን ነው ታዲያ?» አለው አንዱ።

«በሸራ የተሸፈነ ነው። ዘበኛ አለው። ሲጠየቅ አይናገርም።»

«የማይናገሩትማ መርዙን ነው» አለች ከጎኔ የተቀመጠች ጌሾ ሻጭ።

በቃ፤ ከዚያ ወዲያ የብረቱ ስም መርዝ ሆነ። ከአዲስ አበባ በትልቅ ካምዮን ተጎትቶ ዓባይን ሲሻገር ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚያወራ ሁሉ ያንኑ ይደግማል፤ ቡሬ ያለው የጥልያን ምሽግ ሊቀመጥ ነው፣ ሲከፈት ጎጃም ያበቃለታል። እኔ አስተማሪው፣ «ኧረ እንዲህ ያለ ዕቃ የእንፋሎት ጋን ሊሆን ይችላል፣ እንጨት መሰንጠቂያ የሚያንቀሳቅስ» ብዬ አስረድቼ ነበር። ሰው በትሕትና ሰማኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ማታ ስተኛ ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ አደርግ ነበር።

ብረቱ ከማንኩሳ አልፎ ወደ ቡሬ ሲወጣ ያለው ወንዝ ላይ ደረሰና ቆመ። ድልድዩን የዱር ሰዎች አፍርሰውታል። ካምዮኑ በመሻገሪያው ሲሞክር ጭኖ ሊሰጥም ሆነ። ስለዚህ መንገድ ከሚሠራበት ካምቦ ቀጭን ሀዲድ አምጥተው ከቁልቁለቱ አናት እስከ ወንዙ ዳር ዘረጉ፤ ለድንጋይ መጫኛ የሚያገለግሉ ሁለት ጠፍጣፋ ፉርጎዎችም አመጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ብረቱ ለአንድ ፉርጎ ረጅም ነው። ስለዚህ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ አድርገው ብረቱን በሁለቱ ላይ አጋደሙት፤ በመሐላቸው ብረቱ ብቻ እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም። ቃሬዛ በሁለት ሰው ትከሻ እንደሚሄድ ማለት ነው። ባላገሩም ያንኑ አየ። «አስከሬን ነው የመሰለው» አሉ፣ ባርኖሳቸውን እየሰበሰቡ።

የካምዮኑ መጎተቻ ገመድ ሲያወርደው ሳለ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ሰው ይምጣ አለ። ከየደብሩ ጎልማሳ ተለቀመ። እኔን ትእዛዝ እንዳስረዳ አስተማሪ ነህ ብለው አመጡኝ። ካፖው ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ አማርኛን የሚሰብር፣ ቀን ተሌት የማይስቅ ሰው ነበር። የመርከብ ገመድ የሚያህሉ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸቱ ገመዶች ከኋላው ፉርጎ ታሰሩ። ሰዎቹ ከላይ ሆነው ወደ ኋላ እየተንጋለሉ ይዘው ቀስ ብለው ይለቃሉ፤ ብረቱ በእነርሱ ክብደት ልክ ይወርዳል። ፊሽካ ሲነፋ ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ከታች፣ ከፊተኛው ፉርጎ ፊት የሚሄድ አንድ ሰው ከብረት ጎማው ሥር የእንጨት ሽብልቅ ያስገባል፤ ገመድ ያዦቹ እጃቸውን አሳርፈው እንደገና ይይዛሉ። ሽብልቅ ያዡ ከብረቱ ፊት ለፊት ነው ማለት ነው። ብረቱ ከመጣ በእርሱ ላይ ነው የሚመጣው።

ካፖው ሰልፉን እያየ ሄደና አያ ታከለ ላይ ቆመ።

«አንተ ረጅም! ሽብልቅ አንተ።»

«እርሱ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ እኔ ልያዝ» አልሁ።

«አንተ ተናገር ብቻ። እርሱ ያዝ» አለና አንገቱን በእጁ አንቆ አሳየን። ነገ ካልወረደ፣ ወይም ከወደቀ፣ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ ነገረን።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ተው ወንድምዬ። በሬ ጠምጄ አላውቅም እንዴ? ይኼም በሬ ነው፤ ያውም የማይዋጋ» አለኝ። ፈገግ ሲል ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ነገ ያለው ቀን ጥር ሚካኤል ነበር። ይህን ካፖው አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። ታቦቱ በጥምቀት ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ሌሎቹ ታቦታት ሲመለሱ ሚካኤል አድሮ በማግሥቱ ነው የሚገባው። ወደ ደብሩ የሚመለሰውም ሀዲዱ በተዘረጋበት በዚያው መሻገሪያ በኩል ነው። በዚያ ማታ ታቦቱ ካደረበት ድንኳን ሄጄ ቄስ ይሁኔን አገኘኋቸው። ታቦቱን የሚሸከሙት እርሳቸው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ዓይናቸውን ከመሬት የማያነሱ ሰው።

«አባ፣ ነገ ታቦቱ በሌላ በኩል ሊመለስ አይችልም?»

«ልጄ፣ ብረቱ ነው እዚያ ቀድሞ የነበረው ወይስ ሚካኤል?»

«ሚካኤል ነው፣ አባ። ግን ወንድሜ ከብረቱ ፊት ነው የሚቆመው። ገመድ ያዦቹ ታቦቱን ካዩ ይሰግዳሉ። ከሰገዱ ገመዱን ይለቃሉ።»

«እስክታወርዱት እንዘገያለን። ግን ሕዝቡ ከተነሣ እኔ ላቆመው አልችልም። ታቦት የተሸከመ ሰው አይናገርም፤ ሂዱ፣ ቁሙ አይልም። ከመጎናጸፊያው ሥር ያለሁ ጊዜ አንደበት የለኝም፣ ይህን ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ታቦት ያዥ ግራ ቀኝ አያይም፣ ለሰው አይመልስም። እናቱ ብትሞት እንኳ በዚያ ሰዓት አይነገረውም።

ጠዋት ሰዎቹን ሰብስቤ አስረዳኋቸው። ትምህርቴን በደንብ አሰናድቼ ነበር። ከበሮ ስትሰሙ አትልቀቁ፤ ታቦቱን ስታዩ በልባችሁ ስገዱ፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል፤ በክርስቶስ ዘመንም በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣ ነበር። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ባዬ የሚሉት ነበር፤ በደቦ ጊዜ ዜማ የሚያወጣ፣ አገሩን ሁሉ የሚያስቅ ሰው። ገመዱን በክንዱ ላይ እየጠመጠመ፣

«የኔታ፣ እኔስ ገብቶኛል» አለኝ፤ «ጉልበቴን ግን ለብቻው አስተምሩልኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ካፖው ሲዞር ሳቁ ተቆረጠ።

ሥራው ተጀመረ። ባዬ ዜማውን አወጣ፤ ሰዎቹ በዜማው እየተንጋለሉ እጅ በእጅ ለቀቁ።

«ያ የባሕር ማዶ ብረት፣ ቤትህ ወዴት ነው?
ሳንጠራህ የመጣህ፣ ማን ሊሸኝህ ነው?»

ካፖው ዜማው ሥራ ያቀላጥፋል ብሎ ደስ አለው። ብረቱ እየተንቋቋ ወረደ። ከላይ ሆኜ የማየው የአያ ታከለን ራስ ብቻ ነበር፤ ሁለት እጁን ሽብልቁ ላይ አድርጎ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሣ። ፊሽካ፤ ሽብልቅ። ፊሽካ፤ ሽብልቅ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግን የብረቱ ጭራ ከሀዲዱ ወጣ ብሎ ከጎኑ ካለው አለት ጋር ተገናኘ። እዚህም ላይ ላስረዳ፤ ረጅም ነገር ሲታጠፍ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ጭራው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሞፈር ተሸክሞ በጠባብ በር የገባ ያውቀዋል። አለቱን በመዶሻ እስኪፈልጡ ፀሐይ ከፍ አለች። እኔ ወደ ወንዙ ጠመዝማዛ አያለሁ። አለቱ ተፈለጠ፤ ሽብልቁ ወጣ፤ ብረቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ከበሮው ተሰማ።

መጀመሪያ ከበሮው፣ ከዚያ እልልታው፣ ከዚያ ከወንዙ መታጠፊያ ጥላው ብቅ አለ፤ ቀይና ወርቃማ፣ ዘርፉ በነፋስ እየተንቀጠቀጠ። ከሥሩ በመጎናጸፊያ የተሸፈነው ታቦት። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መሻገሪያውን ሞላው፣ ልክ ከሀዲዱ ግርጌ። ከሴቶቹ መሐል ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ የቆመችውን ውዴን ለየኋት።

«አትልቀቁ!» ብዬ ጮህሁ። «በልባችሁ! በልባችሁ ነው!»

ልባቸው ሰምቶኝ ይሆናል። ጉልበታቸው ግን ከልጅነት ጀምሮ የተማረው ሌላ ነው፤ ታቦት ሲታይ እጅ የያዘውን ይጥላል፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ በመሐሉ የሚያስብ የለም። ከፊት ያለው ሲደፋ የኋላው ተከተለ። ባዬ ከሁሉ በኋላ ወደቀ፤ ሲወድቅ ፊቱ የሚያለቅስ ልጅ ፊት ነበር። ገመዱ እንደ እባብ በሣሩ ላይ ተወረወረ። እኔ ዘልዬ ያዝሁት። መዳፌ ተቃጠለ፤ ያ ጠባሳ ዛሬም አለ፤ ጠመኔ ስይዝ ያሳክከኝ ነበር። ገመዱ ግን እኔንም እየጎተተኝ ሄደ።

ከታች አያ ታከለ ሽብልቁን አስገባ። መሸሽ ይችል ነበር፤ ከሀዲዱ አንድ እርምጃ ቢወጣ ይበቃው ነበር። ግን ከኋላው ሕዝቡ ነበር፣ ከኋላው ውዴ ነበረች። ሽብልቁን በእጁ አስገብቶ በእግሩ ገፋው፣ ወገቡንም ሰጠው። ጎማው እንጨቱን እየነከሰ አጨሰው። የተቃጠለ እንጨትና የግራሶ ሽታ እላይ ድረስ ወጣ። ብረቱ ዘገመ እንጂ አልቆመም። አያ ታከለ ሲጮህ አልሰማሁም፤ የእርሱ ዝምታ ነው ዛሬ ድረስ የሚያባንነኝ። ካፖው ሽጉጡን መዝዞ ወደ ተደፋው ሰው እየጠቆመ ይጮሃል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። ታቦት ፊት የተደፋ ሰው ሽጉጥ አይፈራም። እኔ ብቻ ነበርሁ የምፈራው፤ የሁሉንም ፍርሃት ለብቻዬ የምፈራ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከመጎናጸፊያው ሥር ድምፅ ወጣ።

«ገመዱን ያዙ!»

ከበሮው ቆመ። እልልታው ቆመ። ማን እንደተናገረ ሁሉም አወቀ፣ ማንም ማመን አልቻለም።

«በሚካኤል ስም፣ ተነሡ! ገመዱን ያዙ፣ ሰው ይሞታል!»

ቄስ ይሁኔ ነበሩ። ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ቀና ብለው፣ በቀጥታ ወደ እኛ እያዩ። የእኔን ትምህርት ያልሰማው ጉልበት ያን ቃል ሰማ። ሰዎቹ እንደ አንድ ሰው ተነሥተው በገመዱ ላይ ተወረወሩ። ባዬ በጥርሱም ጭምር የያዘ ይመስለኛል። ገመዱ ተወጠረ፣ ተንጣጣ፣ ቆመ። ብረቱም ቆመ። የአያ ታከለ ቀኝ እግር ግን በሽብልቁና በጎማው መሐል ነበር።

ወዲያው አላወጣነውም፤ ብረቱን ወደ ኋላ ከፍ ማድረግ ነበረብን። ዜማ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። እግሩ ሲወጣ ውዴ ደረሰች፤ ራሱን በጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አለህ? አለህ ወይ አካሌ?» ትለዋለች። «አለሁ» አላት፤ «እግሬን ነው እንጂ እኔንስ አልበላኝም።» ሌላ ሰው ሽብልቁን ያዘ። ብረቱ ቀስ እያለ እስከ ወንዙ ዳር እስኪወርድ ድረስ ታቦቱ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም። ሚካኤል ቆመ አሉ ሰዎቹ። እጃቸው ገመድ ላይ፣ ዓይናቸው ታቦቱ ላይ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ፣ ሳይሰግዱ ቆሙ። ብረቱ ታች ደርሶ ሰዎቹ ገመዱን ለቀው ቀና እስኪሉ ታቦቱ ተነሥቶ አልፎ ዳገቱን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ወደሄደበት ዞረው፣ በጀርባው ሰገዱ።

ፍርሃቱ ግን አላበቃም። ካፖው መጣና ደረቴን በጣቱ ገፋኝ።

«ቄስ ምን አለ?»

ነገሩ ገባኝ። በእርሱ ሽጉጥ ያልተነሣውን ሰው በአንድ ቃል ያነሣ ቄስ አለ ቢባል፣ በማግሥቱ ያ ቄስ በሾላው ዛፍ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ቄስ የሚገደለው ከዚያ ባነሰ ነበር። የማስረዳት ልማዴ ሁሉ ጠፋኝ።

«ጸሎት ነው» አልሁ።

«ጸሎት?»

«ጸሎት። በዚህ በዓል ሁልጊዜ ይባላል። ሲያልቅ ሕዝቡ ይነሣል።»

ዓይኔን አየ። ከኋላዬ ባዬ፣ ሳይጠየቅ፣ «አሜን» አለ፤ ሌላውም «አሜን» አለ፤ ገመድ ያዡ ሁሉ «አሜን» አለ። ካፖው ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰና ሄደ። እኔ ከሣሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ቄስ ይሁኔ ከዚያ ቀን ወዲያ ታቦት አልተሸከሙም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት። «ከታቦቱ ሥር ሆኜ ተናግሬአለሁ» አሉ፤ ቀኖናቸውንም ተቀብለው ፈጸሙ። እኔ ወጣት ነበርሁና ልከራከራቸው ሞከርሁ፤ የሰው ነፍስ አድነዋል፣ ኃጢአቱ የት ነው ብዬ። «ኃጢአት ነው አላልሁም። ዋጋ ነው። ዋጋው ይህ መሆኑን አውቄ ነው የተናገርሁት» አሉኝ። እነዚያ ገመድ ያዦች ሚካኤልን ሳንሰግድ አሳለፍነው ብለው ሊናዘዙ ሲመጡም፣ «ከኋላው የሰገደም ሰግዷል» ብለው በመስቀል አሳርፈው ይሸኟቸው ነበር። በየዓመቱ ጥር ሚካኤል ሲመጣ ከሕዝቡ መሐል ይሄዳሉ፤ ከጎናቸው አያ ታከለ እያነከሰ ይሄዳል፤ በመሐላቸው በዚያ ሳምንት የተወለደችው ልጁ። ሁለቱ ብዙ አያወሩም ነበር።

ብረቱስ? ጥልያን ከወጣ በኋላ ቡሬ ከምሽጉ ጀርባ ወድቆ አየሁት። ክዳኑ ተነሥቷል። እየፈራሁ፣ ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ባዶ ነበር። አንዲት ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋበታለች።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ሚካኤል ሳልሰግድ የቆምሁት ለዚህ ነው። ሕይወት እጄን ይዛ፣ «አባባ፣ ፍሬን አለው እኮ፤ የአየር ፍሬን ነው» አለችኝ። ልጅቱ ያነበበች ናት፤ አመንኋት። ጉልበቴ ግን አላመናትም።

«ድንጋይ አምጭልኝ» አልኋት።

«አባባ፣ ሰው ያየናል...»

«ይየን። ትልቅ ድንጋይ።»

ከቦዩ ዳር ሁለት ድንጋይ አመጣችልኝ። በተደፋው ሰው መሐል በምርኩዜ እየተሻገርሁ ሄድሁ፤ አንዱን ከፊተኛው ጎማ ሥር በእግሬ ገፍቼ አስገባሁ፣ ሌላውን ከኋለኛው። ሹፌሩ ከተደፋበት አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ ምንም አላለም። ሁለቱንም በምርኩዜ መታ መታ አድርጌ ጠበቅ ማለታቸውን አየሁ። ቀና ስል ታቦቱ አልፏል፤ ሰዉ አቧራውን እያራገፈ ይነሣል፤ ጥላው በሕዝቡ ራስ ላይ እየራቀ ነው። ያን ጊዜ የሕይወትን ትከሻ ይዤ ቀስ ብዬ ተንበረከክሁና ወደ ራቀው ጥላ፣ በጀርባው፣ ሰገድሁ።